ማንም ያልጠየቀኝ ስድስት ያርድ

ጁላይ 29፣ 1978፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ጃኒስ ናት። «አባዬ፣ ንዴትህን ለድመቷ ከምትነግራት ለወረቀት ንገረው፤ ድመቷ ከስታለች» አለችኝ። አንድ ልጄ ናት። እናቷ ኤልሲ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ቀን ቀን የክለቡ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች። እኔ ደግሞ ከቢሮው መስኮት በታች ያለውን ሣር እጠብቃለሁ። ዊልፍ አክሮይድ፣ የክራግሊ ታውን የሜዳ ጠባቂ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።

ደብተሩን ዛሬ ያስከፈተኝ አሰልጣኛችን ክራብትሪ ነው። አንደኛ ዲቪዚዮን ከገባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው፤ አምና ከመውረድ የተረፍነው በአንድ ነጥብ ነው። ሰውዬው ዕረፍቱን ስፔን ባህር ዳር ተጋድሞ ሲያስብ ከርሞ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ኮሊን ስታብስ የሚባል ተከላካይ አለን። በእግሩ ብዙም አይባልለትም፤ በእጁ የወረወረው ኳስ ግን ሌላው በእግሩ ከመታው ይርቃል። ታዲያ ሜዳው በወርዱ ስድስት ያርድ ቢጠብ፣ ኮሊን ከየትኛውም ጎን የሚወረውረው ግብ አፍ ላይ ይወድቃል።

«ጥበብ ይሉሃል ይህ ነው ዊልፍ» አለኝ። ጥበት ነው ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ለሊጉ የሚላከውን ቅጽ ጃኒስ በታይፕ መታችው፣ ልኩን እንዳትሳሳት እኔ አየሁላት፣ ክራብትሪ ሳያነብ ፈረመው። እሱ ሲፈርምም ሲበላም አያኝክም። በቅጹ ግርጌ በደማቁ ተጽፏል፦ የተመዘገበ የሜዳ ልክ የውድድር ዓመቱ እስኪያልቅ አይለወጥም። የሜዳ ጠባቂ ደግሞ አሰልጣኝን ማንበብ አያስተምርም።

ኦገስት 5

ሦስት ሦስት ያርድ ከየጎኑ ቆረጥኩ። የድሮውን መስመር በሹካ ስነቅል የራሴን ጥርስ የምነቅል መሰለኝ።

ለኮሊን መንደርደሪያ ሠራሁለት። ተንደርድሮ ነው የሚወረውረው፤ እግሩ ከከዳው ኳሱም ይከዳዋል። ሣሩን በቁርበት በቁርበት አነሳሁ፣ ከሥሩ አመድና አሸዋ ደለደልኩ፣ ሣሩን መልሼ በመዳመጫ ዳመጥኩት። አራት ናቸው፤ በየማዕዘኑ አቅራቢያ አንድ አንድ። ኮሊን ራሱ አሸዋውን ተሸከመልኝ። ከጃኒስ ጋር ከተጫጩ ሰባት ወራቸው ነው፣ ሠርጉ ለሚመጣው ጁን ነው። ጨዋ ልጅ ነው። አሸዋውን የት እንደሚያፈስ ሦስት ጊዜ ከነገሩት አራተኛውን ራሱ ያገኘዋል።

ኦገስት 19

2–1 አሸነፍን። ሁለቱም ከኮሊን እጅ። ተጋጣሚዎቻችን ድንጋይ ከሰማይ የወረደባቸው ይመስል አንገታቸውን ቀብረው ቆሙ። ከመስመሩ ዳር ብርድ ልብሱን አንጥፎ የሚቀመጠው ጡረተኛው ሆራስ፣ «ዊልፍ፣ ሜዳው መጥበቡ ጥሩ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫዋቾቹን ስድብ አጥርቼ ሰማሁ» አለኝ።

ሴፕቴምበር 30

አራተኛ ነን። ከላይ። ክራግሊ ከተማ አብዷል። ሥጋ ሻጩ አጥንት በነፃ ሰጠኝ። ክራብትሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ሳይንስ አወራ፤ ኮሊንን «መሣሪያዬ» አለው። ስለ ሣሩ አንድም ቃል የለም። አላዘንኩም። ሁለት ጊዜ ጠብቄ አየሁት፣ በዜናም በድጋሚውም፤ የለም።

ኦክቶበር 21

ነቅተውብናል። የዛሬዎቹ እንግዶች ኮሊን ላይ አንድ ረጅም ሰው አቆሙ፣ በረኛቸው ወጥቶ በቡጢ መታ። 0–0። ከሜዳችን ወጥተን ስንጫወት ደግሞ የሰው ሜዳ ሰፊ ነው፤ ልጆቻችን ገበያ መሃል እንደጠፋ ሰው ዙሪያውን ያያሉ። ዘጠነኛ።

ኖቬምበር 18

0–1። ዝናብ። አሥራ ሦስተኛ።

ኖቬምበር 25

0–2። ዝናብ። ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

ዲሴምበር 31

በረዶ። ገለባ ጫንኩ። እጄ ተሰነጣጠቀ። ጃኒስ ቅባት ቀባችኝ። ኮሊን ሦስት ቀን ሙሉ ከኔ ጋር ገለባ ሲያነጥፍ ዋለ፣ የተቀሩት ቢሊያርድ ሲመቱ። አሥራ ስድስተኛ።

ጃንዋሪ 20፣ 1979

0–4። በሜዳችን።

ልጻፈው፤ አለዚያ ድመቷ ትሰማዋለች። ለዚህ ጨዋታ አምስት ቀን ገለባ አነጠፍኩ፣ በየመሃሉ የከሰል ምድጃ አቀጣጠልኩ፣ ዛሬ ጠዋት ገለባውን አንስቼ ዳኛውን ይዤ ሜዳውን ዞርኩ። ይቻላል አለ። ላይኛው መሬት ግን እንደ ብርጭቆ ነው። መልበሻ ክፍል በር ላይ ለክራብትሪ፣ «አለቃ፣ ዛሬ የጎማ ጫማ ያድርጉ፤ የብረት ጥርስ ያለው መሬቱን አይነክስም» አልኩት። ሁሉም እያዩ ነው።

«አንተ ሣር አጫጅ ነህ፤ ሣርህን እጨድ። ስጠይቅህ ብቻ ተናገር» አለኝ።

እንግዶቹ በጎማ ጫማ ወጡ። የኛዎቹ በብረቱ። የእኛ በረኛ ሁለተኛው ግብ ሲገባ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሦስተኛው ሲገባም ከዚያ አልተነሳም።

ጃንዋሪ 22

የማታው ጋዜጣ፣ የመጨረሻው ገጽ፣ በትልቁ፦ ክራብትሪ፦ «በድንች ማሳ ላይ ኳስ አይቻልም»።

ድንች ማሳ። ሃያ ስድስት ዓመት።

ጃንዋሪ 26

ቢራ ቤት ስገባ ከጥግ አንዱ፣ «ዊልፍ፣ ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?» አለ። ሌላው ትልልቅ ከሆኑ ለጥብስ አሥር ኪሎ እንዳስቀምጥለት ነገረኝ። ሳቅሁላቸው። የጠጣሁት ግማሽ ብርጭቆ ነው።

ጃንዋሪ 29

ጠዋት ደጄን ስከፍት አንድ ጆንያ ድንች ተቀምጧል። ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም። ጃኒስ ሾርባ ሠራችው። ጥሩ ድንች ነው፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

ፌብሩዋሪ 17

ክራብትሪ በዚህ ሰሞን ሁለት ጊዜ ሰላም አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አልጠየቀኝም፣ አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም።

አሥራ ሰባተኛ። ከታች ሦስቱ ናቸው የሚወርዱት፤ ከነሱ በአራት ነጥብ እንርቃለን።

ማርች 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የግቡን መረብ እጠግን ነበር። የክለቡ ሊቀመንበር ሚስተር ኤንትዊስል (የቋሊማ ፋብሪካው ባለቤት) ከክራብትሪ ጋር መጥቶ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ከኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ዌስትኩም የሚባሉት የደቡብ ባህር ዳር ሰዎች ኮሊንን ይፈልጉታል። በምትኩ ሎውረንስ ፔይን የሚባል የክንፍ አጥቂ ይሰጣሉ፤ አገር ያወቀው ሯጭ። የዝውውር በር ሐሙስ ይዘጋል።

ኤንትዊስል መስመሩን በዱላው ነካ ነካ አደረገ። «ለክንፍ ተጫዋች ጠባብ አይሆንበትም?»

«ዊልፍ በአንድ ጠዋት ያሰፋዋል» አለ ክራብትሪ።

እኔ አፌ በሲባጎ ተሞልቶ ነበር። መረብ የጠገነ ያውቃል፤ ክሩን በጥርስ ነው የሚይዙት። ኤንትዊስል ወደኔ ዞር ብሎ አየ። እኔን ይሁን መረቡን አላውቅም። መረቡን ይመስለኛል። ሲባጎውን ከአፌ ለማውጣት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ግን ማንም ዊልፍ አላለኝም። ስማችንን በማንሳትና በመጥራት መካከል ልዩነት አለ።

ቋጠሮውን ጨረስኩ። ሄዱ።

ማታ ጃኒስ ሾርባ ስታወጣልኝ፣ «ዛሬ ሜዳ ላይ ማን መጣ? ምን አሉ?» አለችኝ። ስለ መረቡ ነገርኳት። ሁለተኛ ጭልፋ ጨመረችልኝና ራሴን ሳመችኝ። ምን እንዳገኛት እንጃ።

ማርች 7

እያሰብኩበት ነው። ነገ ጠዋት ቢሮ ወጥቼ ስለ ቅጹ ብነግራቸው፣ ኮሊን ይቀራል፣ ጃኒስ አጠገቤ ትቀራለች፣ ክለቡም ይተርፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ደረጃውም አሥራ አራት ብቻ ነው።

ግን ክራብትሪ ከመስኮቱ አይቶኝ ቢጠራኝስ? ከጠራኝ እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት ሆን ብዬ ከቢሮው መስኮት ሥር እሠራለሁ።

ማርች 8፣ ሐሙስ

ከመስኮቱ ሥር እስከ ስምንት ሰዓት ሠራሁ። እዚያ ያለው ሣር እንደዚያ ተጎብኝቶ አያውቅም። ክራብትሪ አንድ ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ፣ መዳመጫው ይጮሃልና ሌላ ቦታ ሂድ አለኝ። ሄድኩ።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ተፈራረሙ።

ኮሊን ሊሰናበተኝ መጣ። ገለባውንም አሸዋውንም አመሰገነኝ፤ ጃኒስ ከሠርጉ በኋላ ዌስትኩም እንደምትመጣ፣ እኔም በየጊዜው እየሄድኩ ባህሩን እንደማይ ነገረኝ። ባህር ሣር የለውም አልኩት።

ጃኒስ አላለቀሰችም። ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ምስኪን፣ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋዋለች። ከሥራ ስትመለስ የመዋኛ ልብስ ገዝታ መጥታለች፣ በማርች ብርድ። ሰው ሲከፋው የሚያደርገውን አያውቅም።

ማርች 9

ክራብትሪ በጥዋቱ መጣ፣ እጁን እያፋተገ።

«ዊልፍ፣ ሜዳውን ወደ ድሮው መልሰው። እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ይደርሳል?»

«አይደርስም አለቃ።»

«ኖራ አልቆብሃል?»

«ኖራስ ሞልቷል። ቅጹ ነው። እስከ ሜይ ድረስ አንዲት ስንዝር አትነካም።»

እጁን ማፋተጉን አቆመ።

«ማን ነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎት አለቃ። ፈርመውበታል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሲጠይቁኝ ብቻ እንድናገር አዘውኛል።»

ይህችን መልስ ከጃንዋሪ ጀምሮ በአፌ ሳላላምጣት የዋልኩበት ቀን የለም። እስከ አጥሩ በር ድረስ ጣፈጠችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ስሄድ ምን ምን እንዳለችኝ አላውቅም፣ ብቻ ምሳዬን አልበላሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጅቡ እስኪሄድ ጅራቴን አጥፌ የተቀመጥኩት ውሻ ነኝ። ይህን ለማንም አላሳይም።

ማርች 10

ፔይን የመጀመሪያ ጨዋታው። ኳስ ተቀበለ፣ አንዱን አለፈ፣ ሕዝቡ ተነሳ፣ ሦስት እርምጃ ሮጠ፣ ሜዳው አለቀበት። የቆመው የሆራስ ብርድ ልብስ ላይ ነው። ቀጥሎም እንደዚያው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሆራስ ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ ጠበቀው።

1–2።

ማርች 24

0–0። ሆራስ የሚነግረኝ ሁሉ ስለ ፔይን ነው። ልጁ እናቱ እንደምትታመምና የቀኝ ጉልበቱ እንደሚቆረጥመው አጫውቶታል። በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ከተመልካች ጋር ያወራ ተጫዋች አላየሁም።

ኤፕሪል 3

ፔይን ብቻውን መጣ። ፀጉሩ የተሠራ፣ ጫማው የሚያበራ ልጅ ነው። መስመሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ።

«አባባ፣ የተረፈው ሜዳ የት ነው ያለው?»

ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሦስት ያርድ አሳየሁት። አሁንም አጭደዋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ። በአንድ እግሩ ወጣ ብሎ ረገጠው፤ ሞቃት ውሃ መሆኑን እንደሚሞክር ሰው።

«ጥሩ ሣር ነው» አለ። «እዚህ ብጫወት ደስ ይለኝ ነበር።»

ሊናደድብኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ቢናደድ ይሻለኝ ነበር።

ኤፕሪል 14

ክራብትሪ ለሊጉ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ መሬቱ በበረዶው ምክንያት ስለተሸማቀቀ ሜዳው ራሱ ጠቧል ብሎ። ጃኒስ እየሳቀች ነው የመታችው። መልሱ ዛሬ ደረሰ፤ ሁለት መስመር ነው፣ ሁለተኛው መስመር ፊርማ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም አሉ።

አሥራ ዘጠነኛ። ከእሳቱ በአንድ ነጥብ።

ኮሊን ዌስትኩም ከሄደ በኋላ ስድስት ግብ ከእጁ ወጥቷል። እነሱ መሃል ላይ ናቸው፣ አያሰጋቸውም፣ አያጓጓቸውም። የመጨረሻው ቀን ጨዋታችን ከነሱ ጋር ነው። እዚህ። በጠበበው ስልሳ ስድስት ያርድ ላይ። ይህን ያወቅሁት ዛሬ አይደለም፤ የጨዋታው መርሐ ግብር ከኦገስት ጀምሮ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በማርች 7 አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

ሜይ 3

ምርጫ ነው። አገር በሙሉ መንግሥት ሲመርጥ የክራግሊ ሰው ድምፅ መስጫው ሰልፍ ላይ የሚያወራው ስለ ኮሊን እጅ ነው። አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ «ሜዳውን ያጠበበው ያ ሽማግሌ ነው አሉ» አለች። ባሏ በክርኑ ጎሸማት። ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ማንን እንደመረጥኩ እንኳ አላስታውስም።

ቅዳሜ አንድ ነጥብ ከያዝን እንተርፋለን። አቻ ይበቃል።

ሜይ 4፣ ዓርብ

ክራብትሪ መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ሽበት አውጥቷል፤ በኦገስት አልነበረውም።

«ዊልፍ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

እንግዲህ ተጠየቅሁ።

«ያ ኮሊን የሚንደረደርበት... ውሃ አጠጣልኝ። ጭቃ ይሁን። እባክህ።»

«ሊወድቅ ይችላል አለቃ። እግሩ ቢሰበርስ?»

«እኔ አንድ ነጥብ ነው የምፈልገው» አለ። ሌላ ያለው ነገር የለም፤ ሲሄድ ሣሩን ላለመርገጥ ዙሪያውን ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቱቦውን ዘረጋሁ። መንደርደሪያውን አጠጣ ነው ያለኝ፤ አንዱን አጠጣሁ፣ በሆራስ በኩል ያለውን። አንድ ሰዓት ሙሉ። አራት መሆናቸውን ለማያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል። ሌሎቹን ሦስቱን በመዳመጫ ዳመጥኳቸው፤ ዓርብ ዓርብ የማደርገው ነው።

ሜይ 5

0–1። ወረድን።

ማታ

ተረጋግቼ ልጻፈው።

በስልሳ ሁለተኛው ደቂቃ ነው። ኳሱ በቢሮው በኩል ወጣ። ኮሊን በፎጣ አደረቀው። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ከማዕዘኑ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሰላምታ ይሁን ይቅርታ አላውቅም። ተንደረደረ። እግሩ ስር አንዲት ሣር አልተነቀለችም፤ ያ መንደርደሪያ ዘጠኝ ወር፣ በረዶውንም ዝናቡንም ችሎ ዛሬም እንደ ጠረጴዛ ነው። ኳሱ ከሰው ራስ በላይ አልፎ ወረደ፣ የነሱ አንዱ በግንባሩ ነካው። መረቡን የጠገንኩበት ቦታ ነው የገባው። ቋጠሮው ጠንክሮ ይዟል።

ይኸውና፣ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ስለ ሣሩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ፔይን ኳስ ያዘ። እኛ ዘንድ ከመጣ ጀምሮ ያላገኘውን አገኘ፤ ተከላካዩ ተንሸራትቶ ቀርቶ ፊቱ ክፍት ሆነ፣ መሃል ላይ ሁለት የኛ ልጆች ብቻቸውን እጃቸውን ዘርግተው ይጮኻሉ። ሃያ ሁለት ሺህ ሰው ተነሳ። ልጁ በረረ፤ በእውነት ይበርራል፣ እስከ ዛሬ ቦታ አጥቶ ነው እንጂ። ኳሱን ሊያሻማ እግሩን ያነሳው በሆራስ በኩል ያለው መንደርደሪያ ላይ ነው።

መሬቱ ዋጠው። በጀርባው ተንሸራትቶ ከነጭቃው የሆራስ ጭን ላይ ገባ። ኳሱ ቀስ ብሎ ወጣ። ሆራስ ሻዩን ደፍቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ደርሰህ ነበር» አለው።

ኮሊን በዚያ በኩል መወርወር አይወድም፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ይህን ሁሌ ይነግረኝ ነበር። ሳጠጣው አውቄው ነበር። ከአራቱ እሱን የመረጥኩት ለዚያ ነው።

ሜይ 7

ክራብትሪን አባረሩት። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ወደ ሜዳው ወረደ፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲው መሃል ላይ ቆመ።

«ድንች ማሳ ያልኩት ተናድጄ ነው» አለኝ። «ሰው ሲሸነፍ የሚያሳብብበት ያጣል። ሣርህ ጥሩ ነበር ዊልፍ።»

ሦስት ወር ተኩል ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ! ቅጹን ስላልነገርኩህ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። «በካልሲ ይበርድዎታል» አልኩት።

ሜይ 19

ሊቀመንበሩ ሜዳው ወደ ድሮው እንዲመለስ አዟል፤ ለፔይን ሲባል። ለሁለተኛ ዲቪዚዮን አዲስ ቅጽ ይላካል። ጃኒስ የልኬቱን ሲባጎ አንድ ጫፍ ያዘችልኝ። ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ሻንጣዋ መግቢያው ላይ ግማሹ ሞልቶ ተቀምጧል፣ የመዋኛ ልብሱ ከላይ።

መሃል ላይ ስንገናኝ ቆም አለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ቅጹን የመታሁት እኔ ነኝ። ሊሸጡት ሲሉ ሜዳው እንደማይሰፋ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች፤ ከዚያ ሲባጎውን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች፣ «መሄድ ፈልጌ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ የቋሊማ ጭስ ነው የሸተተኝ። ኮሊንም ከዚህ ካልወጣ ገለባ ሲያነጥፍ ነው የሚያረጀው። ያን ማታ ከሜዳ ስትመጣ ብትናገር ያልቅልን ነበር። አንተ ግን ሾርባህን ጠጥተህ ስለ መረብ አወራኸኝ።» ዓይኗ ሞላ። «ለኔ ብለህ ዝም እንዳልክ ያን ጊዜውኑ ነው የገባኝ። ክለብህን ለኔ ሰጠኸኝ። ሳላመሰግንህ መሄድ ደግሞ አይሆንልኝም።»

አንገቴን አቀፈችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ክለብ ምስጋና ስጠብቅ ከረምኩ፤ በዜናም በድጋሚውም። ሲመጣ በዚህ መጣ። ለድንች ነው ማለት ነበረብኝ። አንድ ጆንያ ድንችና አንድ የጋዜጣ አርእስት ነው፣ አንቺ በሐሳቤም አልነበርሽም፣ ብትኖሪማ ኖሮ ደረጃውን እሮጠው ነበር ማለት ነበረብኝ።

«ሲባጎውን አጥብቀሽ ያዢ» አልኳት። ያዘችልኝ። ዓይኔ ውስጥ ኖራ ገባ ብዬ ዞርኩ፤ ኖራውን ገና አልከፈትነውም ነበር።

ስንጨርስ እጇን እያራገፈች፣ ሚስተር ኤንትዊስል ጠረጴዛ ላይ ሌላ ደብዳቤ እንዳለ ነገረችኝ፤ ፔይን የሚሸጥበት። ሰኞ ከሰዓት ይፈረማል። ቅጹ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ይላካል።

ሁለታችንም የሰፋውን ሜዳ አየነው። ስታየኝ ጊዜ ሳቋ መጣ። የኔ ግን አልመጣም።

ሜይ 21፣ ሰኞ

ከጥዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ወጣሁ። አሥራ አራት ደረጃ ነው። ቆጠርኩት፤ አስተውዬው ኖሮ በማርች የጻፍኩት ትክክል ነበር።

ሚስተር ኤንትዊስል እንቁላል በቋሊማ እየበላ ነው። ቅጹ ከሰሃኑ አጠገብ ነው፣ ብዕሩ ተከፍቷል። ላንኳኳ ብዬ በሩን ስነካው ተከፈተ። በቃ፣ ነገርኩት። ፔይን የሚሄድ ከሆነ ሜዳውን ለማን ነው የምናሰፋው፣ የሚመጣው አሰልጣኝ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በምን እንደሚጫወት ሳይጠየቅ ምን ያጣድፋል፣ ቅጹ እስከ ጁላይ ይቆያል፣ ከተላከ ግን ዓመቱን ሙሉ አይፈታም። ግርጌው ላይ ያለውን ደማቁን ጽሑፍ በጣቴ አሳየሁት። ጣቴ ጭቃ ነበረበት፤ አተመበት።

ሹካውን አስቀመጠ። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ ምንጣፉ አየኝ።

«ዊልፍ፣ ለመሆኑ አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።